የትኛውን ክርስቲያናዊ ልብ አንጠልጣይ የፍቅር ልብ ወለድ እንምረጥ? ለንባብ ቡድኖችና ለግል አንባቢዎች የቀረበ ንጽጽር

በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የምንኖር ጥቂት ጎረቤታሞች በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ በግቢያችን የጋራ መገልገያ ቤት እየተሰበሰብን መጽሐፍ እናነባለን። ከመካከላችን ቅዳሴ አስቀድሰው ነጠላቸውን እንዳጣፉ የሚመጡ አሉ፤ ከወንጌላውያን ጸሎት ቤት በቀጥታ የሚመጡም አሉ። ሁላችንንም የሚያስማማ ንባብ ስንፈልግ ከቆየን በኋላ ያረፍንበት፣ ፍቅርንና ልብ አንጠልጣይነትን ከክርስትና እምነት ጋር ያጣመረና መቼቱ ትንሽ ከተማ የሆነ ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉን የመምረጥ ኃላፊነት የተሰጠኝ ለእኔ ስለሆነ፣ ቡድኑን ያስደሰትኩበትም ያሰለቸሁበትም ጊዜ አለ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የተገኘ ሲሆን፣ ብዙ ዓይነት መጻሕፍት ቀርበውለት ከየትኛው እንደሚጀምር ለሚያመነታ አንባቢ የታሰበ ነው።

በዚህ ዘውግ ሦስት ነገሮች በአንድ ሴራ ይገመዳሉ፤ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል የሚያድግ ፍቅር፣ ሕይወታቸውን የሚያሰጋ አደጋ፣ እንዲሁም በፍቅሩም በአደጋውም የሚፈተን እምነት። ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ቢመስልም ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ምርኮን፣ ወንድ መስላ መንገድ የወጣች ልጃገረድን፣ ፍቅርንና እምነትን በአንድነት ይዟል። ከዚያም አልፎ መጽሐፈ ሩትን በዚህ ዓይን ያነበበ ሰው ቤተ ልሔምን እንደ ትንሽ ከተማ ያያታል። ሩት በሌሊት ወደ አውድማው ትወርዳለች፤ ሰው ሰውን መለየት ሳይችል ማልዳ ትነሣለች፤ ቦዔዝ ሴት ወደ አውድማ መምጣቷ እንዳይታወቅ ይጠነቀቃል፤ ከእርሱ ይልቅ የሚቀርባት የመቤዠት መብት ያለው ሌላ ዘመድ መኖሩንም አይደብቃትም። ሌሊቱ በሥጋት ያልፍና፣ በማግስቱ ቦዔዝ በከተማው በር አሥር ሽማግሌዎችን አስቀምጦ ጉዳዩን በግልጽ ይጨርሳል። ከመስኮታችን ማዶ ባለው ማሳ በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፍ ሲወቃ ስለምናይ፣ ይህ ምዕራፍ ለእኛ የሩቅ ታሪክ ሆኖ አይሰማንም። እኔም ልብ ወለዶቹን የምመዝንበት ሚዛን ከዚሁ የተወሰደ ነው፤ ፍቅሩ ምስክር ፊት መቆም ይችላልን? ሌሊቱስ በእውነት ያስፈራልን?

ትንሽ ከተማዋ ከተማ ናት ወይስ ቀለም?

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት መቼቱ ነው፤ ምክንያቱም የመጽሐፉ ሽፋን ሁልጊዜ ትንሽ ከተማን ቢያሳይም ውስጡ ግን ከተማዋን የማይጠቀምባት ድርሰት እጅግ ብዙ ነው። በትልቅ ከተማ ወንጀለኛ የሚደበቀው በሕዝብ ብዛት ነው፤ በትንሽ ከተማ ግን የሚደበቀው በመታወቁ ነው። ሁሉም ሰላም የሚለው፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል አብሮ ካስማ የሚመታው፣ በሰንበት ከፊት ወንበር የሚቀመጠው ሰው ተጠርጣሪ ሲሆን፣ አደጋው ከአካል አልፎ እርስ በርስ መተማመንን ይነካል።

ቱሉ ዲምቱ ለዚህ ንባብ የተመቸ ቦታ ይመስለኛል። በአንድ በኩል በዕጣ የተገናኘን፣ ከልደታና ከአራት ኪሎ ከሌላም ሠፈር የመጣን ነዋሪዎች አለን፤ በሌላ በኩል ለትውልድ የሚተዋወቁ የገበሬ ቤተሰቦች አሉ፤ በመካከላችን ደግሞ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ስለሚጀምር የማይታወቅ ሰው ሲያልፍ ይውላል። ማን በስንት ሰዓት ወደ ቤቱ እንደገባ የባጃጅ ነጂው ያውቃል፤ ማን በዱቤ እንደሚገዛ ባለሱቁ ያውቃል፤ ማን እንደ ታመመ ከሐኪሙ ቀድሞ ዕድሩ ይሰማል። ጥሩ የትንሽ ከተማ ልብ ወለድ ይህን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ መጽሐፉን ለመመርመር ቀላሉ ዘዴ ይህ ነው፦ በሁለተኛው ምዕራፍ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ ቤት ተሰብሮ እስከ አራተኛው ምዕራፍ ድረስ አንድም ጎረቤት የሚበላ ነገር ይዞ ካልመጣ፣ ወይም በገበያው ወሬው ካልተሰማ፣ ያች ከተማ የተቀባች ቀለም ናት። በእኛ ሠፈር እንኳን ቤት ተሰብሮ፣ ሰው ለሁለት ቀን በረንዳው ላይ ካልታየ በሩ ይንኳኳል።

አጭር ተከታታይ ወይስ ረጅም ልብ ወለድ?

በእንግሊዝኛ ተጽፈው እጃችን የሚገቡት አብዛኞቹ ከአሜሪካ የመጡ ሲሆኑ፣ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ዓይነት በየወሩ የሚታተሙ አጫጭር ተከታታይ መጻሕፍት ናቸው። ሃርለኩዊን የተባለው የፍቅር ልብ ወለዶች አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ላቭ ኢንስፓየርድ የተሰኘውን ክርስቲያናዊ ተከታታይ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ላቭ ኢንስፓየርድ ሰስፔንስ የሚለውን የልብ አንጠልጣይ ዘርፍ ጨመረበት። እነዚህ 55,000 ቃላት ገደማ የሚይዙ፣ ስድብና ልቅ የግብረ ሥጋ ትዕይንት የሌለባቸው፣ መጨረሻቸውም ሁልጊዜ ወደ ጋብቻ የሚያመራ ናቸው። ሁለተኛው ዓይነት እንደ ሬቨል፣ ቤታኒ ሃውስ፣ ቲንዴልና ቶማስ ኔልሰን ያሉ አሳታሚዎች የሚያወጧቸው ረዘም ያሉ ልብ ወለዶች ናቸው፤ ርዝመታቸው ከአጫጭሮቹ አንድ ተኩል እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

አጭሩ ለመንገደኛ አንባቢ ይስማማል። በየቀኑ ማለዳ ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሀል ከተማ በአውቶቡስ የሚሄድ፣ ማታም በሰልፍ የሚመለስ ሰው፣ አደጋው በመጀመሪያው ገጽ የሚጀምር መጽሐፍ ድካሙን ያስረሳዋል፤ በአንድ ሳምንትም ይጨርሰዋል። ጉድለቱ ግን በፍቅሩ ላይ ነው። ታሪኩ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚያልቅ፣ ሰዎቹ የሚዋደዱት እየሸሹ፣ እየቆሰሉና እየተደበቁ ነው። በፍርሃት ውስጥ የበቀለ ፍቅር ፍርሃቱ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን አንባቢው ሳያይ መጽሐፉ ይዘጋል። ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰብ አጥንቶ፣ ቀን ቆርጦ የሚያገባ ኅብረተሰብ ይህን ሲያነብ ቅር ቢለው ትክክል ነው። ከአጫጭሮቹም ውስጥ ቢሆን፣ ሁለቱ ሰዎች ቀድሞ የሚተዋወቁ ሆነው ከዓመታት በኋላ በትውልድ ከተማቸው የሚገናኙበትን እንድትመርጡ እመክራለሁ፤ በዚያ ፍቅሩ የቆየ ሥር አለው፣ የቆየ ቁስልም አለው፣ ስለዚህ የቀናቱ ማነስ አያጎድለውም።

ረጅሙ ለቡድን ንባብ የተሻለ ነው። ጎረቤቶች፣ ወላጆች፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች የየራሳቸው ጠባይ ይዘው ለመታየት ቦታ ያገኛሉ፤ በየሁለት ሳምንቱ ተገናኝቶ ማን ምን እንደ ደበቀ ለመከራከርም ይመቻል። ይሁን እንጂ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። እነዚህ መጻሕፍት አዘውትረው በሦስት ወይም በአራት ክፍል ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ክፍል የአንድ ወንድም ወይም የአንዲት እኅት የፍቅር ታሪክ ሆኖ፣ ትልቁ የቤተሰብ ምስጢር ግን በሁሉም ላይ ተዘርግቶ የሚፈታው በመጨረሻው ነው። በአንድ ወቅት ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁት ሦስተኛ ክፍል ሆኖ በመገኘቱ፣ ቡድናችን ገዳዩ ማን እንደ ነበር ሳያውቅ ለሁለት ወር ያህል ተቸግሯል። የጀርባ ሽፋኑንና የመጀመሪያዎቹን ገጾች አይቶ ስንተኛ ክፍል እንደ ሆነ ሳያረጋግጡ መግዛት አይገባም። ከረጃጅሞቹ መካከል መነሻ ለሚፈልግ ሰው፣ በአሜሪካ ለክርስቲያናዊ ልብ ወለዶች የሚሰጠው የክሪስቲ ሽልማት ለምስጢርና ለልብ አንጠልጣይ ድርሰቶች የተለየ ዘርፍ ስላለው፣ የዚያን ዘርፍ አሸናፊዎች መመልከት ይጠቅማል።

አደጋው ከውጭ የሚመጣበትና ከውስጥ የሚነሣበት

ከርዝመት ይልቅ መጽሐፉን የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው። በአንደኛው ዓይነት፣ ወንጀል ያየች ሴት ከትልቅ ከተማ ሸሽታ ወደማትታወቅበት ትንሽ ከተማ ትመጣለች፤ አሳዳጆቿም ይከተሏታል። በሁለተኛው ዓይነት፣ ከዓመታት በፊት የተፈጸመ ግፍ በከተማው ውስጥ ተቀብሮ ቆይቶ፣ አንድ ሰው ሲጠይቅ ወይም አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ይነሣል፤ ጥፋተኛውም የሁሉም ወዳጅ ሆኖ ይገኛል።

የመጀመሪያውን ለመረዳት የአሜሪካን ሥርዓት ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በታሪኮቹ ውስጥ የሚመላለሰው የምስክሮች ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣ ሕግ ላይ የተመሠረተና በፌዴራል ማርሻሎች የሚመራ ሲሆን፣ ምስክሩ ስሙን ለውጦ በሌላ ከተማ እንዲኖር ያደርጋል። የእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 699/2003 ለወንጀል ምስክሮችና ለጠቋሚዎች ጥበቃ ደንግጓል፤ ስለዚህ ይህ ሐሳብ ለውይይት የሚያገለግለን እንጂ የሌሎች ብቻ አይደለም። ሸሪፍ የሚባለው ሹምም እንደ እኛ የወረዳ ፖሊስ አዛዥ የሚመደብ ሳይሆን፣ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች በካውንቲው ነዋሪዎች ድምፅ የሚመረጥ ነው። ይህን ያላወቀ አንባቢ፣ ሸሪፉ አንድን የተከበረ ነጋዴ ለመጠየቅ ለምን እንደሚፈራ አይገባውም፤ የሚመርጡትን ሰዎች እየመረመረ መሆኑን ያወቀ ግን የሥጋቱን ክብደት ይረዳል።

ለግል ንባብ ከሆነ ከውጭ የሚመጣው አደጋ ፈጣንና አስደሳች ነው። ለቡድን ንባብ ግን ሁለተኛውን ያለ ማመንታት አስቀድማለሁ። ከውጭ የመጣ ጠላት ሲያዝ ከተማዋ ወደ ነበረችበት ትመለሳለች፤ ጠላቱ ከውስጥ ሲሆን ግን የሚቀረው ጥያቄ ብዙ ነው። ለሃያ ዓመት አብረው ያስቀደሱት ሰው ገዳይ ሆኖ ሲገኝ ማኅበሩ ሚስቱንና ልጆቹን እንዴት ይይዛል? ጥፋቱን አስቀድመው የጠረጠሩና ለቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ብለው ዝም ያሉ ሽማግሌዎች ምን ይባላሉ? በኦርቶዶክሳዊ ሥርዓት ደግሞ የንስሐ አባት የሰማውን ኑዛዜ መግለጥ ስለማይችል፣ ይህ ዓይነቱ ሴራ በእኛ ምድር ቢጻፍ ከአሜሪካው ይልቅ የሚጨንቅ በሆነ ነበር። በቡድናችን ረጅሙ ውይይት የተደረገው በዚህ ላይ ሲሆን፣ የቡናው ሦስተኛ ካለፈ በኋላም ማንም አልተነሣም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አሚሽ ልብ አንጠልጣዮች አንድ ነገር ላንሣ። አሚሾች በፔንሲልቬንያ፣ በኦሃዮና በሌሎችም ግዛቶች በገጠር የሚኖሩ፣ በፈረስ ጋሪ የሚሄዱ፣ ቤታቸውን ከሕዝብ የኤሌክትሪክ መስመር ጋር የማያገናኙ ክርስቲያኖች ናቸው። መነሻቸው ከሜኖናይቶች ጋር አንድ ስለሆነ፣ ከሜኖናይት ሚስዮናውያን ሥራ የተወለደችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባላት የታሪክ ዝምድናውን ያስተውሉታል። ዋናው ቁም ነገር ግን ክፉን በኃይል አለመቃወም ለአሚሾች የእምነት ሕግ መሆኑ ነው። ልጇን ሊገድል የመጣ ሰው በበሯ ቆሞ፣ መሣሪያ ማንሣት የማይፈቀድላት እናት ምን ታደርጋለች? ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው የሚከተል መጽሐፍ ካገኛችሁ ያዙት። አብዛኞቹ ግን ከማኅበሩ የወጣ ፖሊስ አምጥተው በጥይት ስለሚጨርሱት፣ ቆብና ጋሪው ለጌጥ ብቻ ይቀራል።

ጸሎቱ ምን ለወጠ?

በቡድናችን ያሉ አንዲት እናት፣ ዓይናቸው ስለ ደከመ ጮክ ብለን የምናነብላቸው፣ አንድ ቀን ንባቡን አስቁመው፣ «ልጄ፣ ይህቺ ሴት ከጸለየች በኋላ ምን ተለወጠ?» ብለው ጠየቁኝ። ገጹን መልሼ ባየው ምንም አልተለወጠም። ሴትየዋ ጸለየች፤ ከዚያም ሳትጸልይ ታደርገው የነበረውን አደረገች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ጥያቄ ሳላነሣ መጽሐፍ መርጬ አላውቅም፤ ከሌሎቹ መመዘኛዎች ሁሉ በላይ የማስቀምጠውም እርሱን ነው።

ጸሎቶቹንና ጥቅሶቹን አውጥቶ ታሪኩ እንዳለ የሚቆም ከሆነ፣ እምነቱ በመጽሐፉ ላይ የተለጠፈ ምልክት ነው። እምነት በሴራው ውስጥ ሥራ የሚሠራው ገጸ ባሕርይው ዋጋ ሲከፍልበት ነው። ምስክር ሆና የቀረበች ሴት አንድ ቃል ብትዋሽ ነፍሷን የምታተርፍ ከሆነ፣ ወይም አንድ ወጣት እውነቱን ቢናገር የገዛ ወንድሙ የሚታሰር ከሆነ፣ በዚያ ጸሎቱ የሴራው ጡዘት ይሆናል። ረዓብ ሰላዮቹን በሰገነቷ ደብቃ ለንጉሡ መልእክተኞች ሌላ መንገድ ማመልከቷ እስከ ዛሬ ድረስ አማኞችን የሚያከራክረው፣ በአደጋ ጊዜ እምነትና እውነት እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ቀላል መልስ ስለሌለው ነው። ይህን ክብደት የሚሸከም ልብ ወለድ ጥቂት ነው፤ ሲገኝ ግን የሥነ ጽሑፍ ዋጋውም የመንፈስ ዋጋውም አብሮ ከፍ ይላል።

ኦርቶዶክሳዊ አንባቢ በእነዚህ የአሜሪካ መጻሕፍት ውስጥ ጾምን፣ የቅዱሳንን ምልጃና ቅዱስ ቁርባንን አያገኝም፤ ጸሎቱም በገዛ ቃል የሚቀርብ፣ ለውጡም በአንድ ሌሊት ውሳኔ የሚገለጥ ነው። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ቅሬታን ይቀንሳል፤ ከመካከላችን ያሉ አስቀዳሾች እንዲህ ያለውን ክፍል ሲያነቡ የራሳቸውን ሥርዓት ለሌሎቹ እያስረዱ፣ ልዩነቱ ጥሩ መተዋወቂያ ሆኗል።

ከወንጌላውያን ወገን በአማርኛ የሚጻፉት ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ነቢይ ወይም ሕልም አስቀድሞ ገዳዩን የሚገልጥ ከሆነ አንባቢው የሚጠብቀው ነገር አይቀርም። ትንቢትን ከታሪኩ ማውጣት ያስፈልጋል ማለቴ አይደለም፤ የዮሴፍ ሕልም በታሪኩ መጀመሪያ ተነግሮ ሳለ፣ ወደ ጉድጓድ ተጥሎና ወደ ግዞት ቤት ወርዶ እንዴት እንደሚፈጸም ግን እስከ መጨረሻው ልብ ያንጠለጥላል። ትንቢቱ መፍትሔ ሳይሆን ንግር፣ ማለትም የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁም ፍንጭ፣ ሲሆን ያምራል።

እንግሊዝኛ፣ ትርጉም ወይስ በአማርኛ የተጻፈ?

እንግሊዝኛ በደንብ ለሚያነብ ሰው ምርጫው ሰፊ ነው፤ ነገር ግን በቡድን ውስጥ ሁሉም እኩል የማያነብ ከሆነ፣ የሚያነቡት ጥቂቶች ለሌሎች አስተርጓሚ ሆነው ውይይቱ ይከፈላል። ስለዚህ ወደ ትርጉም መሄዳችን አይቀርም፤ የትርጉምን ጥራት ለማወቅ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው በሁለቱ ፍቅረኞች መካከል ያለውን አጠራር መከተል ነው። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ መጠሪያ ሲኖረው፣ እኛ «እርስዎ»፣ «አንተ» እና «አንቺ» አለን። አንዲት መምህርት ቤቷን ሊመረምር የመጣውን መርማሪ በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ሳትለው አትቀርም። ከዚያስ «አንተ» ያለችው መቼ ነው? በሥጋት ሌሊት ሳታስበው አምልጧት ነው? ወይስ እርሱ ለምኗት? በማግስቱ ሰው ፊት ወደ «እርስዎ» ተመልሳ ይሆን? ጎበዝ ተርጓሚ ይህን ገጽ በጥንቃቄ ይመርጣል፤ በእንግሊዝኛው የሌለ ውበትም ለአማርኛው ይጨምራል። ደካማው ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሁሉንም «አንተ» እያስባለ ያልፋል፤ ወይም ከተሳሳሙ በኋላም ያንቱታውን ሳያስተውል ይቀጥላል። ጸሎቱም ላይ እንዲሁ ነው፤ ለቄሱ «እርስዎ» የሚለው ሰው ለእግዚአብሔር «አንተ» ሲል የሚሰማው ቅርበት በእንግሊዝኛው የማይገኝ የአማርኛ ሀብት ነው።

ትርጉሙን ጮክ ብሎ ማንበብም ይረዳል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረኩትን ያዳመጠ ትውልድ፣ በደንብ የተጻፈ አማርኛ በጆሮ እንዴት እንደሚገባ ያውቃል። አንድ ገጽ ሲነበብ አንባቢው ትንፋሽ እያጠረው ሦስት ጊዜ ከተመለሰ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ከእንግሊዝኛው አልተላቀቀም ማለት ነው።

በአማርኛ የተጻፉትን ስናይ፣ በታተሙትና በቴሌግራም በክፍል በክፍል በሚወጡት መካከል መለየት ይገባል። በክፍል የሚወጡት የማንጠልጠልን ጥበብ ያውቁበታል፤ እያንዳንዱ ክፍል በር ሲንኳኳ ያልቃል። ሆኖም ብዙዎቹ ስለማይጠናቀቁ፣ የመጨረሻው ክፍል መውጣቱን ሳያረጋግጡ ለቡድን ማቅረብ አይመከርም። ከዚህ የሚከፋው ግን የታተመን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ ማሠራጨት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ያስከብርለታል። ስለ ሌብነትና ስለ ንስሐ የሚያወራ መጽሐፍ በተሰረቀ ቅጂ ሲነበብ ማየት እጅግ ያሳዝነኛል፤ አንድ መጽሐፍ ገዝቶ በተራ መዋዋስ ለአሥር ሰው ይበቃል።

መቼታቸው እንደ እኛ ያለ የከተማ ዳር የሆኑ የአማርኛ ድርሰቶች ገና ጥቂት ናቸው፤ ነገሩ ግን በእጃችን ሞልቷል። ሐሰተኛ የይዞታ ካርታ ይዞ የሚዞር ደላላ፣ በሌሊት ያየውን ለመናገር የሚፈራ የግንባታ ጥበቃ፣ በጥምቀት ዕለት ታቦቱን ተከትለው ሲሄዱ የተያዩ ወጣቶች፣ በጽዋ ማኅበር መካከል የተደበቀ የገንዘብ ጉድለት፤ ይህ ሁሉ ለዘውጉ የተፈጠረ ይመስላል። ቋንቋው ትንሽ ቢጎረብጥም እንኳ፣ እንዲህ ያለውን ድርሰት ከተዋበ ትርጉም አስበልጬ እመርጣለሁ፤ አንባቢው የሸሪፉን ሥልጣን ለመረዳት ሳይደክም በቀጥታ ወደ ፍርሃቱ ይገባልና።

ሊተው የሚገባው

የማልደራደርበት አንድ ጉዳይ አለ። በአንዳንድ መጻሕፍት ሴትን ያለ ፈቃዷ የሚከተል፣ ደጇ ላይ የሚያድር፣ ስልኳን የሚመረምር ሰው ጽኑ አፍቃሪ ተደርጎ ይሣላል፤ በሌሎቹ ደግሞ የተደበደበች ሚስት «ይቅር በይው» ተብላ ወደ ደብዳቢው ትመለሳለች፤ ይህም የእምነት ፍሬ ሆኖ ይቀርባል። ይህ በሕግም በሃይማኖትም የተሳሳተ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል አድርጎታል፤ በአንቀጽ 587 ደግሞ ሴትን ለማግባት ሲል በኃይል የጠለፈ ሰው ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ደንግጓል። ጠለፋን የምታውቅ አገር ልጃገረድን በማሳደድ የሚገለጥ ፍቅርን እንደ ዋዛ ማንበብ አትችልም። ቦዔዝ በሌሊት ብቻዋን ያገኛትን ሴት አልነካትም፤ ነገሩን ወደ አደባባይ አወጣው። ይቅርታ በታሪኩ ውስጥ ይኑር፤ ነገር ግን በደለኛው ሕግ ፊት ከቀረበና ሴቲቱ በሰላም ካረፈች በኋላ ይምጣ። በተለይ ከ15 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የሚገዛ ወላጅ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ምዕራፎች ራሱ አስቀድሞ ያንብብ።

ሰው በሐዘን ላይ ላለ ወዳጁ መጽሐፍ ሊሰጥ ሲያስብ፣ በመጀመሪያው ገጽ ሞት የሌለበትንና ፍርሃቱ ለዘብ ያለውን ይምረጥ። በቅርቡ ቤቱ ለተዘረፈበት ጎረቤት ደግሞ ሌላ ዘውግ መስጠት ይሻላል።

ሻጩ ፊት ቆመው ጊዜ ካጠረ ሦስት ቦታ ይግለጡ፦ ሁለቱ ሰዎች በመጀመሪያ የተገናኙበትን፣ በመካከሉ ጸሎት ያለበትን አንድ ገጽ፣ እንዲሁም ከመጨረሻው በፊት ያለውን ምዕራፍ። በመጀመሪያው አጠራሩን፣ በሁለተኛው ከጸሎቱ በኋላ የመጣውን ለውጥ፣ በሦስተኛው የከተማው ሰው በቦታው መኖሩን ይመልከቱ። እኛ ለሚቀጥለው ዙር የመረጥነው ምስጢሩ ከከተማው ውስጥ የሚነሣ፣ በአንድ ክፍል የሚያልቅ፣ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ረጅም ልብ ወለድ ነው። ከእርሱ በፊት ባለው እሑድ አራቱን የመጽሐፈ ሩት ምዕራፎች ጮክ ብለን እናነባለን፤ ያችም እናት ጥያቄያቸውን ከዚያው እንዲጀምሩ ተነግሯቸዋል።